የባሕር ዳሩ ከረጢት ያልተዘጋ ሒሳብ

ማዕበል ይገታል ተብሎ የሚሸጠው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ሲያረጅ ማን ያነሣዋል?

በመርካቶ ማዳበሪያ የሚነግድ ሰው ዕቃውን ፀሐይ ላይ አያከርምም። ባዶው ማዳበሪያ በረንዳ ላይ ተከምሮ አንድ ሁለት በጋ ካሳለፈ ቀለሙ ይነጣል፤ ሲጨብጡትም እንደ ደረቀ ቅጠል እየተፈረፈረ ነጭ ብናኙ እጅ ላይ ይቀራል። ያን ጊዜ እህል አይሞላበትም፣ ለአሮጌ ዕቃ ገዥም አይሸጥም። ሒሳቡ በዚያው ይዘጋል፤ ኪሳራውም የባለቤቱ ነው።

ይኸው ማዳበሪያ የሚሸመንበት ፖሊፕሮፒሊን የተባለ ፕላስቲክ፣ ወፈር ተደርጎና ፀሐይን እንዲችል መድኃኒት ተጨምሮበት፣ በሌላው ዓለም የባሕር ዳርቻ መከላከያ ሆኖ ይሸጣል። አሸዋ እየተሞላ በውቅያኖስ ዳር እንደ ግንብ ይደረደራል፤ ከድንጋይ ካብ ሥር ይነጠፋል፤ ረጅም ቱቦ ሆኖም ማዕበል ፊት ይጋደማል። ባሕሩ መሬት እየበላ ወደ ቤትና ወደ ሆቴል በተጠጋ ቁጥር ገዥው ይበዛል። ሆኖም የዚህ ዕቃ ሒሳብ የሚዘጋው እንደ መርካቶው አይደለም። ጨርቁ አርጅቶ ሲበጣጠስ ኪሳራው በሻጩም በገዥውም መዝገብ ላይ አይሰፍርም። አሸዋው ውስጥና ውኃው ውስጥ ይቀራል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ከአሜሪካዋ ኖርዝ ካሮላይና ክፍለ ግዛት የተሻለ ቦታ ጥቂት ነው። በዚያ ሰው ሠራሹ ዕቃ በከረጢትም፣ በባሕር አረም መልክም ተሞክሯል፤ ፍርድ ቤትም ደርሷል፤ የወጣበት ገንዘብም በአደባባይ የታወቀ ነው።

ዕቃው ምንድን ነው?

በንግዱ ቋንቋ ጂኦቴክስታይል ይባላል። በሀገራችን የገበሬው የውኃ ማጠራቀሚያ ኩሬ ሥር የሚነጠፈው ጂኦሜምብሬን የቅርብ ዘመዱ ነው። ልዩነታቸው ያኛው ውኃ የማያሳልፍ መሆኑ ሲሆን፣ ጂኦቴክስታይል ግን ውኃውን አሳልፎ አሸዋውን ያስቀራል። ጥቅሙም ጉዳቱም የሚመነጨው ከዚህ ነው። አብዛኛው የሚሠራው ከፖሊፕሮፒሊን ወይም የልብስ ክር ከሚሆነው ፖሊስተር ነው። ሁለቱም የነዳጅና የጋዝ ውጤቶች በመሆናቸው ዋጋቸው ከነዳጁ ገበያ ጋር ሲወጣና ሲወርድ ይታያል።

ለባሕር ዳርቻ ሥራ የዋለው ገና በጠዋቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በፍሎሪዳ የባሕር ዳርን ከሚሸፍኑ የኮንክሪት ብሎኬቶች ሥር የተሸመነ የፕላስቲክ ጨርቅ ተነጠፈ። ቀድሞ በዚያ ቦታ የሚገባው በመጠን በመጠኑ የተለየ ጠጠርና አሸዋ ሲሆን፣ ሁለት ሦስት ንጣፍ ሆኖ ሥሩ ያለው አፈር በውኃ እንዳይጠባ ያግድ ነበር። ጠጠሩን መፍጨት፣ መንፋት፣ ማጓጓዝና በውኃ ውስጥ እኩል አድርጎ ማንጠፍ ገንዘብ ይበላል። አንድ ጥቅል ጨርቅ ይህን ሁሉ ተካው። ሥራ ተቋራጩ የሚወደው ዕቃ ሆነ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ትልቁን ማስታወቂያ የሠሩለት ደግሞ ኔዘርላንድሶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1953 የካቲት ወር መግቢያ ላይ የደረሰባቸው የባሕር ጎርፍ 1,836 ሰዎች ከገደለ በኋላ ደልታ በሚባለው የግንባታ ዕቅድ የባሕር በሮቻቸውን አንድ በአንድ ዘጉ። ከእነዚህ ሁሉ ትልቁ እ.ኤ.አ. በ1986 የተመረቀው የኦስተርስኬልደ መከላከያ ሲሆን፣ ምሰሶዎቹ የቆሙት 200 ሜትር ርዝመትና 42 ሜትር ስፋት ባላቸው ፍራሾች ላይ ነው። ፍራሾቹ በፖሊፕሮፒሊን ጨርቅ መካከል አሸዋና ጠጠር ተሞልቶባቸው ለዚሁ ሥራ ብቻ በተሠራ መርከብ ከባሕሩ ወለል ተዘርግተዋል። በዚያ ጥልቀት ፀሐይ የለም፣ ሙቀትም የለም፣ ማዕበልም አይደርስም። ጨርቁ እንደ ተቀበረ ዕቃ ነው። የፕላስቲክ ጠበብትም በዚህ ዓይነት ቦታ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳይበላሽ እንደሚቆይ ይስማማሉ።

ክርክሩ የተነሣው ጨርቁ ከተቀበረበት ወጥቶ አሸዋው ላይ ሲታይ ነው።

ማማው፣ ከረጢቱና የፕላስቲኩ አረም

ኬፕ ሃተራስ በኖርዝ ካሮላይና ዳርቻ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ዘልቃ የገባች የአሸዋ ምላስ ናት። መርከቦች እንዳይሰበሩ እ.ኤ.አ. በ1870 በዚያ የተተከለው 60 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የጡብ የመብራት ማማ ሲሠራ ከባሕሩ 450 ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። የአሸዋ ደሴት ግን እንደ ዓለት አይቆምም፤ በማዕበልና በነፋስ እየተገፋ ይጓዛል። ማማው ባለበት ቆሞ ባሕሩ መጣበት።

ከ1960ዎቹ ጀምሮ መንግሥት ያልሞከረው የለም። አሸዋ በፓምፕ ተገፍቶ ተሞላ፤ ታጥቦ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1967 ትላልቅ የናይለን ከረጢቶች አሸዋ ተሞልተው ከማማው ፊት ተደረደሩ። በ1969 የባሕር ኃይሉ ወደ ባሕር የሚገቡ ሦስት የኮንክሪት ግድግዳዎች ሠራ። በ1973 እንደገና አሸዋ ተሞላ። ይህም ሳይበቃ ቀረ።

ከሁሉም ይልቅ የዚህን ገበያ ጠባይ የሚያሳየው በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተደረገው ነው። ሰው ሠራሽ የባሕር አረም የሚባል አዲስ ዕቃ ገበያ ላይ ዋለ። አሸዋ በተሞላ ቱቦ ላይ የታሰሩ የፕላስቲክ ቅጠሎች ናቸው። ከባሕሩ ወለል ላይ ሲቀመጡ ቅጠሎቹ ወደ ላይ ተንሳፈው የውኃውን ፍጥነት ይቀንሳሉ፣ በውኃው ውስጥ የሚጓዘው አሸዋም በዚያው ይወርዳል የሚል ነበር ሐሳቡ። ዋጋው ከኮንክሪት ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። ማማውን ለማዳን የተቋቋመ ኮሚቴም ከሕዝብ ገንዘብ አሰባስቦ ዕቃው ተተከለ። ዳርቻው በአንዳንድ ጊዜ ሰፋ ሲል ደጋፊዎቹ ሠራ አሉ። ጉዳዩን የተከታተሉ የባሕር ዳርቻ መሐንዲሶች ግን አሸዋ በራሱ ጊዜ የሚመጣና የሚሄድ መሆኑን አስታውሰው፣ አረሙ ያመጣው ለውጥ ሊታያቸው እንዳልቻለ ገለጹ። ማዕበል የነቀለው የፕላስቲክ ቅጠልም ወደ አሸዋው እየተተፋ ይገኝ ጀመር።

እ.ኤ.አ. በ1987 ባሕሩ ከማማው 36 ሜትር ያህል ቀርቶት ነበር። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ካውንስል ያቀረበው ምክር አጭር ነበር፤ ማማውን አንሡት። ይህ ምክር በሥራ ላይ እስኪውል አሥራ አንድ ዓመት ፈጀ። በ1999 ክረምት ከ4,000 ቶን በላይ የሚመዝነው ማማ በሐዲድ ላይ ተጭኖ በ23 ቀናት ውስጥ 884 ሜትር ተገፍቶ ወደ ውስጥ ገባ። ወጪው ወደ 12 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከዚያ በፊት ለከረጢት፣ ለአሸዋና ለአረም የወጣው ሁሉ የገዛው ነገር ቢኖር ጊዜ ብቻ ነው። ጊዜ መግዛት ደግሞ ራሱን የቻለ ንግድ ነው።

"ጊዜያዊ" የተባለው ፈቃድ

ኖርዝ ካሮላይና በዚህ ጉዳይ ከብዙዎቹ ክፍለ ግዛቶች ጠንከር ያለ ደንብ አላት። እ.ኤ.አ. በ1985 የክፍለ ግዛቷ የባሕር ዳርቻ ሀብት ኮሚሽን በውቅያኖስ ፊት ግንብና ድንጋይ መካብን ከለከለ፤ በ2003 ደግሞ ክልከላው በሕግ ጸደቀ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ግንብ ከኋላው ያለውን ቤት ቢያድን እንኳ ፊቱ ያለውን አሸዋ ያስበላል። ማዕበሉ ግንቡን መትቶ ሲመለስ ከሥሩ ያለውን አሸዋ ይዞ ይሄዳል፣ ከግንቡ ጫፍና ጫፍ ያለውን የጎረቤት መሬትም ይቦረቡራል። የቱሪስቱ ገንዘብ የሚመጣው ደግሞ ለአሸዋው እንጂ ለግንቡ አይደለም።

ለጭንቅ ጊዜ ግን አንድ በር ተከፈተ፤ እሱም የአሸዋ ከረጢት ነው። ደንቡ ዕቃውን በዝርዝር ይገልጻል። ቀለሙ የአሸዋ ዓይነት ይሁን፣ ባዶውን ሲለካ ከ2 እስከ 4 ሜትር ተኩል ርዝመት ይኑረው፣ ክምሩ ከ6 ሜትር የበለጠ ስፋትና ከ1.8 ሜትር የበለጠ ከፍታ እንዳይኖረው ይላል። ከሁሉም በላይ ጊዜያዊ ነው። ለአነስተኛ ቤት ሁለት ዓመት፣ ለትልቅ ሕንፃ አምስት ዓመት ተፈቀደ። ቤቱ እስኪነሣ ወይም ዳርቻው አሸዋ እስኪሞላለት ማለት ነው።

እንግዲህ ባለ ቤት የሆነ ሰው ራሱን በዚህ ቦታ ያስቀምጥ። በበጋ ወራት በሳምንት ሒሳብ የሚያከራየው ቤት አለው። ከረጢቱ ከተነሣ ቤቱ ይወድቃል፤ ካልተነሣ ኪራዩ ይቀጥላል። ቀኑ ሲደርስ ማራዘሚያ ይጠይቃል። ጎረቤቱም ይጠይቃል። ከተማው ከቤት ግብር ስለሚያገኝ አብሮ ይጠይቃል። ለብዙ ከረጢቶች ቀነ ገደቡ እስከ ግንቦት 2008 ተራዘመ፤ እሱም አልፎ ብዙዎቹ ከነበሩበት አልተነሡም። በኋላ የሚፈቀደው ጊዜ ራሱ ወደ ስምንት ዓመት ከፍ አለ። ደንቡ ውስጥ ሌላም ቀዳዳ ነበር። ከረጢቱ አሸዋ ለብሶ፣ በላዩም ሣር በቅሎ የአሸዋ ጉብታ ከሆነ ማንሣት ግዴታ አይደለም። ፕላስቲኩ በሕግ ተቀበረ ማለት ነው፤ የሚቀጥለው ኃይለኛ ማዕበል እስኪገልጠው ድረስ።

የረጅም ዕድሜውን ሽልማት የሚወስደው በኩሬ ቢች የሚገኝ አንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ነው። የመጀመሪያዎቹ ከረጢቶች የተቀመጡለት በ1985 ገደማ ነው። በአካባቢው አሸዋ እየተሞላ ዳርቻው ሲሰፋ የዚህ ሕንፃ ፊት ተዘለለ። ምክንያቱም በዚያ ቦታ ኮኪና የተባለ፣ ከዛጎል ስብርባሪ የተሠራ ብርቅ የተፈጥሮ ዓለት ስላለና አሸዋ ቢሞላበት ስለሚቀበር ነው። አንዱን የተፈጥሮ ሀብት ለመጠበቅ ሲባል ሌላው ላይ ፕላስቲክ ከረመ። ኮሚሽኑ ይነሣ አለ፤ ባለ ቤቶቹ ከሰሱ። በ2013 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለባለ ቤቶቹ ፈረደ። "ጊዜያዊ" የተባለው ከረጢት በዚያን ጊዜ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

በዚህ መሐል አንድ ከሳሽ ያልሆነ ባለ ጉዳይ አለ። የባሕር ኤሊ በበጋ ሌሊት ከውኃ ወጥታ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ምሳ እንቁላሏን ትጥላለች። ሎገርሄድ የሚባለው ዝርያ በዚህ ዳርቻ የታወቀ ነው። ኤሊዋ የከረጢት ክምር ካጋጠማት ወይ ሳትጥል ወደ ባሕር ትመለሳለች፣ ወይም ከክምሩ ሥር ማዕበል በሚደርስበት እርጥብ አሸዋ ላይ ትጥላለች፤ እንቁላሉም በውኃ ይጠፋል። ይህ ጉዳት ከረጢቱ ፕላስቲክ ስለሆነ የመጣ አይደለም፤ ድንጋይም ቢሆን ያው ነው። የፕላስቲኩ ልዩ ጉዳት ሌላ ነው።

ጨርቁ ሲያረጅ

ፖሊፕሮፒሊን የፀሐይ ጠላት ነው። ጨረሩ የፕላስቲኩን ረጃጅም ሰንሰለቶች እየቆራረጠ ያደርቀዋል። ስለዚህ ፋብሪካው ጥቀርሻና ሌሎች መከላከያ ኬሚካሎች ይጨምርበታል። መድኃኒቱ እስኪያልቅ ጨርቁ ይቆያል። በባሕር ዳር ግን ፀሐይ ብቻውን አይሠራም። ማዕበሉ አሸዋ ይዞ ቀኑን ሙሉ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል፤ ግንድና የወደቀ ቤት ሚስማር ይወጋዋል፤ አልፎ አልፎም ቢላ የያዘ ሰው ይቀደዋል። አንድ ጊዜ ከተቀደደ አሸዋው በሰዓታት ውስጥ ይፈስሳል፤ ባዶው ጨርቅ ከአንድ ወገን አሸዋ ተጭኖት ከሌላው ወገን በውኃው ውስጥ ይርገበገባል። ክሩ የሚላጠው ያን ጊዜ ነው።

የተላጠው ክር ወዴት ይሄዳል? እዚህ ላይ ዓይነቱ ልዩነት ያመጣል። ፖሊፕሮፒሊን ከውኃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል፤ ነፋስና ሞገድ ሩቅ ይወስደዋል። ፖሊስተር ከውኃ ስለሚከብድ ይሰምጣል፤ በባሕሩ ወለል ጭቃ ውስጥ፣ ዛጎልና ትል በሚኖርበት ይቀመጣል። ሁለቱም ወደ ደቃቅ ብናኝ እየደቀቁ ይሄዳሉ እንጂ በሰው ዕድሜ ውስጥ አፈር አይሆኑም። ከብናኙ ጋር ፀሐይ እንዲችል የተጨመረው ኬሚካልም ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአምስተርዳም የሚገኘው ቭሪዬ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች በዚህ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ሰብስበው ሲመረምሩ ያገኙት ትልቁ ነገር የማስረጃ ማነስ ነበር። ዕቃው በብዛት ባሕር ውስጥ እየገባ፣ ከውስጡ የሚወጣው ኬሚካል በእንስሳቱ ላይ ምን እንደሚያደርግ የተለካው ጥቂት ነው።

መጠኑን ነጋዴ በሚገባው ሒሳብ ማስላት ይቻላል። ዙሪያው 9 ሜትር፣ ርዝመቱ 60 ሜትር የሆነ አንድ የአሸዋ ቱቦ 540 ካሬ ሜትር ጨርቅ ይወስዳል። ጨርቁ በካሬ ሜትር 600 ግራም ቢመዝን አንዱ ቱቦ 324 ኪሎ ፕላስቲክ ነው። ባለ 50 ኪሎ ባዶ ማዳበሪያ 100 ግራም ይመዝናል ቢባል፣ አንድ ቱቦ ማለት 3,240 ማዳበሪያ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ዳርቻ ለመሸፈን ወደ 17 ቱቦ ሲያስፈልግ ሒሳቡ ከ55,000 ማዳበሪያ ያልፋል። ይህን ያህል ማዳበሪያ ባሕር ዳር የደፋ ነጋዴ ቢገኝ በየትም አገር ይከሰሳል። ቱቦው ግን በጨረታ፣ በፈቃድና በመሐንዲስ ፊርማ የሚገባ ነው።

ቱቦው እንዴት እንደሚያልቅ ቴክሳስ አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1998 ፍራንሲስ የተባለችው ማዕበል የጋልቬስተንን አካባቢ ከመታች በኋላ፣ በደሴቱ ምዕራባዊ ጫፍና በቦሊቫር ባሕረ ገብ መሬት ከቤቶቹ ፊት ለኪሎ ሜትሮች የአሸዋ ቱቦ ተጋደመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የምድር ጥናት ቢሮ ሁኔታውን መርምሮ፣ ቱቦው አሸዋ ለብሶ ከፀሐይ ካልተሸሸገ እንደሚበላሽ፣ ለመሸሸግም ያለማቋረጥ አሸዋ ማልበስ እንደሚያስፈልግ አመለከተ። ቱቦው የተገዛው አሸዋ ስለጠፋ ነው፤ ቱቦውን ለማቆየት ደግሞ አሸዋ መግዛት ግድ ሆነ። መስከረም 2008 አይክ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲደርስ ቱቦው ተቀዳደደ፣ ከኋላው የነበሩት ብዙ ቤቶችም ከመሬት ተጠረጉ።

ለዕቃው ጥብቅና

ይህን ሁሉ ሰምቶ ዕቃው ከገበያ ይጥፋ የሚል ቢኖር ቸኩሏል። ድንጋይም ነጻ አይደለም። ጠጠሩን የሚፈጨው ካባ፣ የሚያመላልሰው ከባድ መኪና፣ የሚቃጠለው ናፍጣ ሁሉ ዋጋ አለው። በኮንክሪት ብሎኬት ሥር ተቀብሮ ፀሐይ ሳያይ የሚቀመጥ ጨርቅ ብዙ መቶ መኪና ጠጠር ይተካል።

በአውስትራሊያ ጎልድ ኮስት የተሠራው ደግሞ ሌላ ምስክር ነው። በ1999 እና በ2000 መካከል ናሮውኔክ በሚባለው ቦታ ከዳርቻው ራቅ ብሎ 400 ያህል ግዙፍ ከረጢቶች፣ አንዳንዳቸው እስከ 300 ቶን የሚመዝኑ፣ አሸዋ ተሞልተው ከመርከብ ወደ ባሕሩ ወለል ተጣሉ። ዓላማው ማዕበሉ ዳርቻው ሳይደርስ እንዲሰበርና አሸዋ እንዲያቆይ ነበር። ከረጢቶቹ ብዙም ሳይቆዩ የባሕር አረም ለበሱ፤ ዓሣ ተሰበሰበባቸው፤ ጠላቂ ዋናተኞችም መጡ። አረሙ ራሱ ጨርቁን ከፀሐይ ሸፈነው። ይሁን እንጂ ይህም ቢሆን የተጎዱ ከረጢቶችን ለመተካት በ2018 እንደገና ሥራ አስፈልጎታል። ሲሠራ ያምራል፤ ሒሳቡ ግን ክፍት ነው።

ስለዚህ ነገሩ የፕላስቲክና የድንጋይ ጸብ አይደለም። ጨርቁ ተቀብሮ ነው ወይስ ተጋልጦ? ቋሚ ነው ወይስ ጊዜያዊ? ጊዜያዊ ከሆነስ የማንሣቱ ገንዘብ ከመነሻው ተይዟል? ገዥው ሊጠይቅ የሚገባው ይህንን ነው። ብዙ ቶን የሚመዝን የተቀበረ ከረጢት ማውጣት ኤክስካቫተር ይጠይቃል፤ ቀዶ አሸዋውን ማፍሰስ፣ ጨርቁን መጎተት፣ መጫንና ወደ ቆሻሻ መጣያ መውሰድ አለ። አሸዋና ጨው የበላው አሮጌ ጨርቅ እንደገና ተቀልጦ ጥሩ ዕቃ ስለማይወጣው ገዥ የለውም። ኖርዝ ካሮላይናም የተማረችው ከረጢቱን የማስቀመጥን ያህል የማስነሣት ሥልጣንና ገንዘብ በእጅ አለመኖሩን ነው።

ተተኪው ጆንያ ይሆን?

ገበያው ግን ዝም አላለም። በሕንድ ኬረላ ከኮኮናት ልጣጭ የሚፈተለው ኮየር የሚባል ቃጫ መረብ ሆኖ ለቦይና ለወንዝ ዳር ይነጠፋል፤ መንግሥትም ለገጠር የሥራ ፕሮግራሞች ይገዛዋል። ቃጫው ጠንካራ ስለሆነ ከጆንያ ይልቅ ይቆያል፤ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ድረስ አፈሩን ይዞ ሣር ካበቀለ በኋላ በስብሶ አፈር ይሆናል። ጉድለቱም ይኸው ነው፤ ተክል ሊረከበው በማይችልበት የውቅያኖስ ፊት አይሠራም። ማዕበል የሚመታው ከረጢት ይሆናል ብሎ የሚሸጥ ሰው ካለ ገዥውን እያታለለ ነው።

በኖርዝ ካሮላይናም ከውቅያኖሱ ጀርባ ባለው ጸጥ ያለ የባሕር ወሽመጥ ዳር ሌላ ሙከራ አለ። ቀድሞ ኦይስተር የሚባለውን ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ ለማርባትና ዳርቻውን ለመከላከል ዛጎል በፕላስቲክ መረብ ከረጢት እየተሞላ ይደረደር ነበር። አሁን እንደ ጆንያ ያለ የእጽዋት ቃጫ ጨርቅ በሲሚንቶ ተነክሮና ደርቆ ይቀመጣል። የኦይስተሩ ጫጩት ይለጠፍበታል፣ ያድግበታል። ጨርቁ ሲበሰብስ ዛጎሉ ራሱ ግንብ ሆኖ ይቀራል። ቡናውን በጆንያ የሚልከው የኢትዮጵያ ላኪ የጆንያን ነገር ያውቀዋል፤ ከሲሚንቶ ጋር ተጋብቶ የባሕር ዳርቻ መከላከያ ይሆናል ብሎ ግን ያሰበ ላይኖር ይችላል።

በትልቁ ገበያ በኩል ነፋሱ ገና አልተለወጠም። የካናዳው ሶልማክስ በ2021 የኔዘርላንድሱን ቴንኬቴ ጂኦሲንቴቲክስ ጠቅልሎ ገዝቷል፤ ወደፊት ገበያ የማያይ ኩባንያ እንዲህ ያለ ግዢ አይፈጽምም። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የደቃቅ ፕላስቲክ ክልከላ የሚመለከተው ሆን ተብሎ ዕቃ ውስጥ የሚጨመረውን ብናኝ እንጂ ከጨርቅ በእርጅና የሚላጠውን ክር አይደለም። በተባበሩት መንግሥታት ሥር በ2022 ናይሮቢ ላይ የተወጠነው የፕላስቲክ ውልም ነሐሴ 2025 ጄኔቫ ላይ ተሰብስቦ ያለ ስምምነት ተበትኗል። ስለሆነም ከረጢቱ ሲሸጥ የማንሻውን ዋጋ አብሮ እንዲከፍል የሚያስገድድ ዓለም አቀፍ ውል የለም።

ከተሞቹ በበኩላቸው ሒሳብ እየሠሩ ነው። በኖርዝ ካሮላይና በከረጢት ክምሯ ትታወቅ የነበረችው ናግስ ሄድ እ.ኤ.አ. በ2011 በ36 ሚሊዮን ዶላር 3.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አሸዋ ከባሕር አስወጥታ 16 ኪሎ ሜትር ዳርቻ ሞላች። በ2019 እንደገና ሞላች። አሸዋ ውድ ነው፣ ይሄዳልም፤ ሲሄድ ግን የሚሄደው አሸዋ ነው።

ከእሷ በስተደቡብ በሮዳንቴና በበክስተን ከ2020 ወዲህ ከሃያ በላይ ቤቶች ከነዕቃቸው ባሕር ውስጥ ወድቀዋል። ጣውላው፣ የፍሳሽ ጉድጓዱ፣ መከላከያው ሁሉ በዳርቻው ለኪሎ ሜትሮች ተበትኖ በበጎ ፈቃደኞች ሲለቀም ሰንብቷል። በ2023 የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሌላ መንገድ ሞከረ። በሮዳንቴ ሊወድቁ የተቃረቡ ሁለት ቤቶችን ከ700,000 ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛ፤ አፈረሳቸው፤ ቦታውንም አሸዋ ብቻ አድርጎ ለሕዝብ ክፍት አደረገ።